ከግንዱ ሥር የከመርኩት

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እናቴ ስታርፍ ቤቱን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ወደ ቀፊራ ገበያ በሚሄደው የፍራፍሬ ሣጥን ላይ በከሰል የአባቴን ስም ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው በአፌ መናገር ስለማልችል ነው። ሰው ሲያናግረኝ ፊቴ ይግላል፣ ዓይኔ መሬት ላይ ይቀራል። ስለ ብርቱካኖቻችን ደግሞ በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዱ እኔ ገደልኳቸው ይላል፣ ሌላው እኔ አዳንኳቸው ይላል። ሁለቱንም ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም አርሜ አላውቅም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እዚህ ላስቀምጠው።

የአትክልት ቦታችን ከድሬዳዋ ዳር፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሰፋ በሚልበት በኩል ነው። አባቴ በወጣትነቱ በእጁ የተከላቸው ሃያ ሁለት የብርቱካን ዛፎች ነበሩት። በግንቡ ጥግ ጥቂት ሙዝ፣ ሦስት ዘይቱን፣ አንድ ጊሽጣ አለ። ውኃ የምናጠጣው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ በፓምፕ እየሳብን ነው። ልጅ ሳለሁ ብርቱካኑ በሚደርስበት ወር ቅርንጫፎቹ እንዳይሰበሩ ከሥራቸው ባላ እንጨት ይቆምላቸው ነበር። ባላውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ አባቴ በመዶሻ ሲመታው እጄን ይነዝረኝ ነበር።

ኋላ ላይ ዛፎቹ መክሳት ጀመሩ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነና የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ መስመር ሆነው ቀሩ። አበባ ያወጣሉ፣ ፍሬም ይቋጥራሉ። ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ ግን የአውራ ጣት ጫፍ የምታክለው ፍሬ ሁሉ ትረግፋለች። ጠዋት ስጠርግ ከመጥረጊያው ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለሉ ነበር። አፈሩም ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ ከላዩ ነጭ ነገር ያወጣል፤ በምላስ ሲነኩት ጨው ጨው ይላል። አባቴ ድሮ በጆንያ ከሚመጣው ማዳበሪያ እፍኝ እፍኝ ይሰጣቸው ነበር። ማዳበሪያው እየጠፋ መጣ። ሲገኝም ዛፎቹ አንድ ሰሞን ይለመልሙና ተመልሰው ይገረጣሉ። አባቴ አፈሩን በእጁ አንስቶ በጣቶቹ መሀል እየለቀቀ፣ «የደከመው እሱ ነው፣ ዛፎቹማ ምን ያድርጉ» ይል ነበር።

በዚያው ጊዜ የአባቴን ዓይኖች ሞራ ሸፈናቸው። ቀኙ ቀደመ፣ ግራው ተከተለ። ልቡም ደካማ ስለነበር ሐኪሞቹ የዓይኑን ቀዶ ሕክምና አቆዩት። ከቤታችን በር አጠገብ፣ ጥላው ሥር ባለችው ሽቦ አልጋ ላይ ይቀመጥና በጆሮው ይሠራል። «ፓምፑ አየር እየሳበ ነው» ይላል። «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ውኃ ሰብሮ ወጥቷል፣ ዝጊው» ይላል። ሄጄ ሳይ እውነቱን ነው።

ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የአባቴን መድኃኒት አንድም ቀን አቋርጦ አያውቅም። ጥር ላይ አንድ ቀን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ከአባቴ አልጋ ጫፍ ተቀመጠ።

«አባ፣ እንንቀላቸው» አለ።

«ምኑን?»

«ብርቱካኑን ነዋ። ጫት እንትከልበት። ጫት በዓመት ስንቴ ይቆረጣል! እነዚህ ውኃ ይጠጣሉ፣ ቅጠል ያረግፋሉ፣ ሌላ ምን ሥራ አላቸው?»

አባቴ ብዙ ዝም አለ። ዝምታውን የወረስኩት ከእሱ ነው።

«የዘንድሮውን ግንቦት አትቁጠርብኝ» አለ በመጨረሻ። «የሚመጣውን ዓመት ግንቦት ጠብቀኝ። ፍሬው ግንቦትን ካለፈ ዛፎቹ ይቆማሉ። ከረገፈ ምሣሩን እኔው ራሴ አቀብልሃለሁ።»

«ማን ሊሠራው አባ? አንተ ዓይንህ…»

«እሷ አለች።»

ወንድሜ እኔን አየና ሳቀ። «አቦ አባ! እሷ? ባለሱቁን ስኳር ስጠኝ ማለት ታፍራለች፤ ዛፍ ልታናግር ነው?»

«ዛፍ መልስ አይሰጥም፣ አያስፈራትም» አለ አባቴ።

ነገሩ በዚያ ተወሰነ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንቦትን ይቆጥር ነበር። ሌላ የሚፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ዛፎቹ ከእሱ በኋላም ቆመው እንዲቀሩ ብቻ።

በዚያ ሰሞን በቀበሌ አዳራሽ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ሥልጠና አለ ተባለና አባቴ ላከኝ። ኮምፖስት የሚባለውን እኛ ብስባሽ እንለዋለን። ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ። የግብርና ባለሙያው ወጣት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ልጣጭ፣ ከዚያ የፍየል በጠጥ ወይም እበት፣ ከዚያ ስስ አፈር አድርጉ፣ ውኃ አርከፍክፉ፣ እንደገና ከቅጠሉ ጀምሩ አለ። መሀሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት፤ መዝዛችሁ ስትነኩት ሙቀት ካለው እየሠራ ነው አለ። ሁሉንም በልቤ ያዝኩ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ሲደርስ ዛፉ ላይ የሚደረገው የት ጋ ነው? ምን ያህል ይጠጋል?

«ጥያቄ ያለው?» አለ።

እጄን እስከ ትከሻዬ አነሳሁ። ሰዎች ዞር ሲሉ እጄን ወደ ራሴ ወሰድኩና ሻሼን አስተካከልኩ።

«አንቺ እህቴ፣ ከኋላ፣ እጅ አወጣሽ?»

«አይ፣ ሻሼ ነው» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀ፣ በክፋት አልነበረም። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን በሙሉ ያቺን ጥያቄ በሆዴ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

ጉድጓዱን የቆፈርኩት ከዘይቱኖቹ ጥላ ሥር ነው። ቅጠል አለን። ልጣጭና በጠጥ ግን ከሰው መጠየቅ ነበረበት። የረዳችኝ ጎረቤታችን ናት፤ ሁላችንም አዴ እንላታለን። ፍየሎች አሏት፣ ቀፊራ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። መጀመሪያ ቀን የእጅ ጋሪዬን እየገፋሁ ቀፊራ ሄድኩና ፍራፍሬ ሻጮቹ ፊት ለፊት ቆሜ ቀረሁ። የሙዝ ልጣጭ፣ የተጨፈለቀ ፓፓያ፣ የጎመን ቅጠል እግሬ ሥር ሞልቷል፤ ልውሰደው ማለት አቃተኝ። አዴ ከመደቧ ሆና አየችኝ።

«ያ ኢንተላ!» አለች፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። «ምን ትገተሪያለሽ? ልትገዢ ነው ልትጠብቂ?»

የጋሪውን እጀታ ጨብጬ ልጣጩን አየሁ።

«ስሙኝማ!» ብላ ወደ ሻጮቹ ጮኸች። «ይቺ ልጅ የምትፈልገው የሚበላ አይደለም፣ የሚበሰብስ ነው! የሚበሰብስ ያለው ይስጣት!»

«ባሌን ትውሰደው!» አለች አንዷ ሻጭ፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጋሪዬን ሞላሁ።

በጠጡንም የሰጠችኝ አዴ ናት። ሰዎች ጫት ቅመው የሚጥሉትን ገራባ ሰብስቤ ጉድጓዱ ውስጥ ልጨምር ስል ከለከለችኝ። «ገራባውን ለፍየሎቼ ተዪው። እነሱ በልተው ሲጨርሱ የእነሱን ሥራ ላንቺ አመጣልሻለሁ።» እንዳለችውም በየሳምንቱ በኩርቱ ፌስታል እያመጣች ጉድጓዱ አፍ ላይ ትደፋልኝ ነበር። እኔ በምላሹ ከዛፎቹ ሥር ያጨድኩትን ሣር እሰጣታለሁ።

ወንድሜ ሲመጣ አፍንጫውን ይዞ፣ «ዋርያ፣ ሙሽሪት ሽቶዋን ተቀባች?» ይለኛል። እኔ ጉድጓዱን ወድጄው ነበር። ድሬ ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ጉድጓዱ ከድሬም ይብስ ነበር። ዱላውን መዝዤ ስነካው ያቃጥለኛል። ቶሎ እየደረቀ ስለሚያስቸግር በአሮጌ ጆንያ ሸፍኜ ማታና ጠዋት ውኃ አርከፈክፍበታለሁ፣ በየጊዜው በአካፋ እገለብጠዋለሁ። እፍኝ ያህል ወስጄ ለአባቴ በመዳፉ አስቀምጥለታለሁ። ያሸተዋል። «ገና ነው፣ አፍንጫ ይወጋል» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ገና ነው፣ ልጣጩ ይታወቀኛል» ይላል። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት አሽቶ አሸተተና ወዲያው አልመለሰልኝም። እንደገና አሸተተ። «ዝናብ የነካው መሬት ሆነ» አለ። «ደርሷል።»

የመጀመሪያው ጉድጓድ ትንሽ ስለነበር ለሙዞቹ ሰጠሁት። ከግንዳቸው ጋር አጣብቄ፣ እስከ ጉልበቴ ድረስ ከመርኩላቸው። ሙዝ ያንን ይወዳል። በሳምንታት ውስጥ ሰውን የሚሸፍን ቅጠል ዘረጉ፣ ከጎናቸው አዳዲስ ችግኝ ወጣ። አዴ አይታ፣ «ወላሂ፣ እኔንም ሥራቸው ብትተክይኝ ረዝሜ እወጣ ነበር» አለች። በሕይወቴ አንድ ነገር ስለሠራሁ ሰው ያወራልኝ ያኔ ነው። በዚያ ደስታ ነው የተሳሳትኩት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትልቁ ጉድጓድ ደረሰ። ለስድስት ዛፍ ይበቃል። ከመጀመሪያው ረድፍ ስድስት ብርቱካኖች መረጥኩና እንደ ሙዙ አደረግኳቸው። ከግንዱ ጋር አጣብቄ ከመርኩ፣ በመዳፌ ጠቅጠቅ አደረግኩት፣ በእግሬም ረገጥኩት። ብርድ ልብስ ያለበስኳቸው መሰለኝ።

«ሰጠሻቸው?» አለኝ አባቴ ከአልጋው።

«አዎ።»

«በደንብ?»

«አዎ አባ።»

የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው። ዓይኑ ቢያይ ኖሮ ከአልጋው ተነስቶ በእጁ ያስወግደው ነበር። አላየም። እኔም እንዲህ አድርጌ፣ እስከዚህ ድረስ ብዬ አልነገርኩትም።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ከላይ ከተራራው የመጣው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ሲያልፍ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። የእኛ መሬት ለብዙ ቀን እንደራሰ ቆየ። ነሐሴ ላይ ከስድስቱ ዛፎች በአንዱ ግንድ ላይ እንደ ማር የቀላ ጠብታ አየሁ። ነካሁት፤ ሙጫ ነው። በሌሎቹም አለ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛፉ ጠግቦ ጉልበቱ ሞልቶ የፈሰሰ መሰለኝ። ለአባቴም አልነገርኩትም፤ ፍሬ ሲይዝ በድንገት ላስደስተው ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ቅጠሉ ወደታች ተንጠለጠለ። ያየው ወንድሜ ነው። አንድ ጠዋት ባጃጁን ሊያጥብ ውኃ ፍለጋ ገባና ዛፎቹ ዘንድ ቆመ። ከዚያ የከመርኩትን በእግሩ ገፋው። ከሥሩ የግንዱ ቅርፊት አብሮ ተላጠ፤ እንደ ረጠበ ካርቶን ነበር። ጠረኑ የብስባሽ ሳይሆን የሞተ ነገር ጠረን ነው።

«ገደልሻቸው!» ብሎ ጮኸ። «አባ! ልጅህ ገደለቻቸው!»

አባቴ ተነስቶ ግድግዳውን እየዳበሰ መጣ። ወንድሜ እጁን ያዘው። ከመጀመሪያው ዛፍ ሥር ተንበረከከና በጣቶቹ ብስባሹን ጠረገ፣ ወረደ፣ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ደረሰ። ቅርፊቱን ተጫነው፤ ጣቱ ገባ።

«እስከዚህ ድረስ ከመርሽበት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ግንዱ መተንፈስ አለበት እኮ። ብርቱካን እንደ ሙዝ አይደለም። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ለመጠየቅ አፍሬ ነው። የገዛ አባቴን።

እሱ ፊቱን ወደ ግንዱ መልሶ፣ «እኔም አልጠየቅኩሽ» አለ። ከዚያ የሚታጠፈውን ቢላዋ አምጪ አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። እሱ በጣቱ የሞተውን እያመለከተ፣ እኔ በቢላዋ እየፋቅኩ፣ ከሥሩ አረንጓዴው ሥጋ እስኪታይ ድረስ። ስፍቅ «እዚህ ጋ ሕያው ነው፣ ተዪው» ይላል። በጣቱ ያውቀዋል። ከግንዱ ዙሪያ ያለውን ሁሉ አራቅን፣ ቁስሉን ለነፋስ ከፍተን አደረቅነው፣ በኋላም ኖራ ቀባነው። ከስድስቱ አራቱ ላይ መበስበሱ ግማሽ ዙር ነበር። ሁለቱን ግን ዙሪያቸውን ቀለበት አድርጎ ጨርሷቸዋል። አባቴ እነዚያን ሁለቱን ዳስሶ ሲጨርስ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደና አጠፈው።

ከሁለቱ አንዷ መጀመሪያ የተከላት ዛፍ እንደነበረች የነገረኝ ወንድሜ ነው። አባቴ አልነገረኝም።

«አሁንስ በቃ አይደል አባ?» አለ ወንድሜ ማምሻውን።

«ግንቦት አልደረሰም» አለ አባቴ።

እኔ ግን ተውኩት። ጉድጓዱ አጠገብ መሄድ አቃተኝ። ልጣጩ በጋሪው ላይ እንዳለ ዝንብ ወረረው። በር ዘግቼ ወጥ እሠራለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ወደ ዛፎቹ አላይም። በሳምንቱ አዴ በጠጥ የሞላ ኩርቱ ተሸክማ ገባችና በሩን በክርኗ መታችው።

«ፍየሎቼ ሥራ አላቆሙም» አለች። «አንቺ በማን ፈቃድ ነው ያቆምሽው?»

«ገደልኳቸው እኮ አዴ።»

«ሁለት ነው የገደልሽው። ሃያው ደግሞ እዚያ ቆመው ያዩሻል። ወይስ እነሱንም በረሃብ ልትጨርሻቸው ነው?»

ኩርቱውን እዚያው ጣለችና ሄደች። እኔም ትንሽ ቆይቼ አንስቼ ወጣሁ።

በዚያ መስከረም ከአባቴ ጋር ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ሁሉ ካወራሁት የበለጠ አወራሁ። ሁሉም ስለ አፈር ነው። ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ ሲጨርስ አጠገቡ እቀመጥና እጠይቃለሁ። መጀመሪያ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምጠይቀው፤ ኋላ እሱ ፊቴን እንደማያይ ትዝ አለኝና ቀና አልኩ። የት ላድርገው? ስንት አካፋ? ከውኃ በፊት ነው በኋላ? ዛፉ የሚበላው ከግንዱ ሥር አይደለም አለኝ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላው የሚያልቅበትን ክብ ተከትለሽ በጥልቀት ሳይሆን በስሱ ቆፍሪ፣ ብስባሹን እዚያ አድርጊና አፈር አልብሺው፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ያሉት እዚያ ነው። ግንዱ አጠገብ ውኃ እንዳይቆም አፈሩን ከፍ አድርጊው አለ። ጨዉ ወደ ታች እንዲወርድ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት አልፎ አልፎ በደንብ ማጠጣት ይሻላል አለ። ይህንን ሁሉ ያውቅ ነበር። ለመናገር የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበር ያጣው።

ሃያውን ዛፍ ለማዳረስ እስከ ታኅሣሥ ፈጀብኝ። ብስባሹ ስለማይበቃ ጉድጓዶቹን ሦስት አደረግኳቸው። ቀፊራም ስሄድ አዴን መጠበቅ ተውኩ፤ ድምፄ ቀጭን ቢሆንም «ልጣጩን ልውሰደው?» እላለሁ። ባሏን ልትሰጠኝ የነበረችው ሴት በጆንያ አድርጋ ታስቀምጥልኝ ጀመር።

የካቲት ላይ አዲስ ቅጠል ወጣ። ጫፉ ለስላሳ፣ አረንጓዴው ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ አበባው መጣ፤ አባቴ ከአልጋው ሆኖ በመዓዛው አወቀው። ንቦቹን ይሰማቸዋል። እሱ ግን እየደከመ ነበር። እግሩ ያብጣል፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው በትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋል። ወንድሜ በየሁለት ቀኑ ሐኪም ቤት ይወስደዋል። መድኃኒቱን ጨመሩለት፣ ሌላ ያሉን ነገር አልነበረም።

ግንቦት ገባ። ሙቀቱ ያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬ ረገፈ። መጥረጊያዬን ጥዬ ቆምኩ። ለቅሜ በጣሳ አደረግኩና ለአባቴ ሰጠሁት። ጣሳውን ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠ።

«ከሁሉም ዛፍ ሥር ነው?»

«ከሁሉም።»

«ዛፍ የማይችለውን ይጥላል። ነገም አምጪልኝ።»

በማግስቱም አመጣሁለት፣ በማግስቱም። በየቀኑ ጣሳውን ይነቀንቃል። በሁለተኛው ሳምንት ድምፁ እየሳሳ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ጣሳው ውስጥ አራት ብቻ ነበሩ፤ ሲነቀንቀው ለየብቻ ይሰማሉ። ጣሳውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆየ።

በግንቦት ማብቂያ አንድ ቀን ወንድሜ ገና በጠዋት መጣ። አዴም ሣር ልትወስድ መጥታ ነበር። አባቴ፣ «ውሰዱኝ» አለ። ወንድሜ በጀርባው አዘለው። ያን ያህል ቀልሎ ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ጋ አወረደውና ከኋላ ደገፈው፤ እጁንም ይዞ ወደ ቅርንጫፉ አነሳለት። አባቴ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። እንቁላል ያክላሉ፣ አረንጓዴ ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው። አንዷን ቀስ አድርጎ ጠመዘዛት፤ አልለቀቀችም።

«ይዘዋል አባ» አለ ወንድሜ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «አልነካቸውም።»

«እሺ።»

«ግን ከአንተ በኋላ ማን ይይዘዋል? እኔ ባጃጄን ትቼ አልገባበት። ውኃ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ቀበሌ አለ፤ ይኼ ሁሉ አፍ ይፈልጋል። ሳትነግረኝ እንዳትሄድ።»

አዴ፣ «ምን ዓይነት ወሬ ነው!» ብላ ተቆጣችው። አባቴ ግን ፊቱን እኔ ወዳለሁበት አዞረ፤ ትንሽ ስቶ ወደ ዛፉ ነበር የሚያየው።

«አንቺ ትይዢዋለሽ?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ይጠብቃል። ወንድሜ ራሴን ስነቀንቅ አይቷል፤ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሊናገርልኝ ይችል ነበር። በዚያች ደቂቃ ተናድጄበት ነበር፤ አሁን አይደለም።

«አልሰማሁም» አለ አባቴ።

«እይዛለሁ» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮህኩ መሰለኝ፣ አዴ ክው አለች።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ያቃተኝን እጠይቃለሁ።»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ከዚያም አባታችንን መልሶ አዝሎ እስከ አልጋው ወሰደው።

ይህንን የምጽፈው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሃያዎቹ ዛፎች ፍሬያቸው እየቀላ ነው፤ በሁለት ቦታ ባላ አቁሜያለሁ፤ ባላውን የያዘልኝ ወንድሜ ነው። ሁለቱን የሞቱትን ቆርጠን አውጥተናል፤ ጉድጓዳቸውን በብስባሽ ሞልቼ ለክረምት ትቼዋለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እኔ ገድያለሁም አድኛለሁም፤ ሁለቱም ወሬ እውነት ነው።

አባቴ ያረፈው ፍሬውን በዳሰሰበት በዚያው የግንቦት ጠዋት ነው። ከዛፎቹ ሲመለስ ትራሱን ደግፎ ተቀመጠ፣ ትንፋሹ አጥሮ ነበር። ወንድሜ ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲለው ቆይ አለው። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ እጄን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጌ ነበር፤ መነሳት አልፈለግኩም። በኋላ ግን ሄድኩ፤ ውኃው ሦስተኛው ረድፍ ደርሶ ሳለ ነው ወንድሜ የጠራኝ፤ ስደርስ አልፏል። ከሄድኩ በኋላ ለወንድሜ ያለው ነገር አለ፤ ያ የወንድሜ ነው። ለእኔ ያለኝ የመጨረሻው ግን እግሩን ከእጄ ሥር ቀስ አድርጎ ስቦ ነው፦

«ተነሺ እንግዲህ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ውኃውን ልቀቂላቸው።»